ጤፍ ምን አጠፋ? «ጤፍ ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት። ርዕሱ «ጤፍ ይብቃን» ይላል። ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው የሚሉት ይህ ነው፦ ጤፍ ምርቱ ትንሽ ነው፤ በያዘው መሬት ላይ ስንዴ ወይም በቆሎ ቢዘራበት እጥፍ እናፍስ ነበር። ደግሞም የኛ አይደለም፤ ከግብፅ የመጣ ነው። ብረት አለው የሚባለውም ከአውድማ የተለቀመ አፈር ነው። እንጀራ መጋገር የሴቶችን ጉልበት፣ እንጨትና መብራት ይጨርሳል። የጤፉን መብት ሆላንዶች ስለወሰዱት በውጭ ገበያም ተስፋ የለንም። አሜሪካ ያለው ወገናችን ያለ ጤፍ እንጀራ ከበላ እኛስ ምን ያግደናል? ስለዚህ ገበሬው ጤፍ መዝራቱን ያቁም፣ እኛም ወደ ዳቦ እንዙር።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። የምግብ ዋጋ ያሳሰበው ሰው እንደጻፈው ግን ያስታውቃል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ነገር ግን ካነሷቸው ነጥቦች አንዳንዱ ጭራሽ ስህተት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ግማሹ ተቆርጦ የቀረበ ነው። ከሁሉ በላይ ያልተዋጠልኝ ገበሬው ጤፍ የሚዘራው በልማድ ታስሮ ነው ማለታቸው ነው። ገበሬው ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳይጠይቁት ሰብልህን ቀይር ማለት ተገቢ አይደለም። በተራ እንሂድበት።

ከምርቱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ዋና መሠረት እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ነው የምመልሰው።

ጸሐፊው ቁጥር አላዛቡም። ጤፍ በአገር አቀፍ ደረጃ በሄክታር በአማካይ 18 ኩንታል ገደማ ይሰጣል። ስንዴ 30 አካባቢ ይደርሳል፣ በቆሎ 40 ያልፋል። ወረቀት ላይ ሲታይ ጤፍ የተሸነፈ ይመስላል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። ለምን እንደዚህ ሆነ ብለው ግን አልጠየቁም። ስንዴ እዚህ የደረሰው በተፈጥሮው ከጤፍ ስለሚበልጥ አይደለም። ድሮ ስንዴም ረጅም ነበር፤ ማዳበሪያ ሲበዛለት ፍሬው እየከበደው መሬት ላይ ይተኛ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ኖርማን ቦርላግና ባልደረቦቹ ሜክሲኮ ውስጥ አጫጭር ዝርያዎችን አዳቅለው አወጡ፣ አጭሩ ስንዴ ማዳበሪያውን ጠጥቶም ቆሞ አፈራ፣ በዚያ ሥራ ቦርላግ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለሙ። ለስንዴና ለበቆሎ ሜክሲኮ፣ ለሩዝ ፊሊፒንስ ትልልቅ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት ተቋቁመውላቸዋል። ለጤፍ ማንም እንዲህ ያለ ማዕከል አላቋቋመም። የጤፍን ምርምር ለረጅም ጊዜ የተሸከሙት በአብዛኛው የኛው ሰዎች ናቸው፣ በኛው አቅም፣ ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል።

ያ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር አንድ ነገር ላሳይ። የጤፍ ፍሬ ሺውን ቆጥረህ ብትመዝነው ግማሽ ግራም አይሞላም፤ 0.3 ግራም አካባቢ ነው። አበባዋን ማየት ራሱ ፈተና ነው። ያችው አበባ ደግሞ ራሷን በራሷ ነው የምታዳቅለው። ስለዚህ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ማዳቀል ለብዙ ዘመን አይሆንም ተብሎ ቀርቶ ነበር፤ አርቢዎቹ የሚችሉት ገበሬው ማሳ ውስጥ ካለው የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሚስጥሩን አገኙት። አበባዋ የምትከፈተው በማለዳ ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ እሱም ለአጭር ጊዜ። ያን ሰዓት ጠብቆ፣ በማጉያ ሥር በቀጭን መሣሪያ የወንዴውን ክፍል አስወግዶ፣ ከሌላ ዝርያ የመጣ ብናኝ ማኖር ይቻላል። የጤፍ ማዳቀል የተጀመረው በዚህ ነው። ሌላው ዓለም ስንዴን ማዳቀል ከጀመረ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። አንዱ ቀድሞ ሮጦ ሌላው ኋላ ከተነሳ፣ የኋለኛው እግሩ ደካማ ነው ተብሎ ይፈረድበታል?

ማዳቀሉ ምን አመጣ? ቁንጮ የሚባለውን ጤፍ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩ ደስ ይላል። ቀድሞ የወጡ ሁለት ዝርያዎች ነበሩ። አንደኛው በምርት ጥሩ ነው፣ ግን ንጣቱ ገበያው የሚፈልገውን ያህል አይደለም። ሌላው ማኛ ነው፣ እንደ ወተት የነጣ፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ደብረ ዘይቶች ሁለቱን አዳቀሉና የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር ያገናኘ ዝርያ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ። በየወረዳው ተዛመተ፣ ምክንያቱም ገበሬው የፈለገውንም ነጋዴው የፈለገውንም ይዟል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር) የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር ከ10 ኩንታል በታች ነበር። ዛሬ 18 ደርሷል። በሁለት አስርት ዓመት ገደማ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ይህ በጣም ትንሽ ገንዘብ ወጥቶበት የተገኘ ለውጥ ነው። ጸሐፊው «ጤፍ አይሻሻልም» ሲሉ ይህን ቁጥር እንዴት እንዳለፉት ሊገባኝ አልቻለም።

ችግሩ አለቀ ማለቴ አይደለም። ጤፍ አሁንም ይጋሽባል። አገዳው ቀጭን ነው፣ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ይተኛል፣ ከተኛ ፍሬውም ይቀንሳል፣ ጥራቱም ይበላሻል፣ አጨዳውም ይከብዳል። ማዳበሪያ ጨምሩበት ቢባል ይብስበታል። ስንዴ ላይ የተሠራው ዓይነት የማሳጠር ሥራ በጤፍ ላይ የተጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። የጤፍ የዘር ካርታ (ጂኖም) ራሱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ሥራው የተመራው ከስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዋናው አንቀሳቃሽ ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ዘሪሁን ታደለ ናቸው። የሩዝ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ ነበር። ልዩነቱን ያዩታል።

አሁን ወደ ገበሬው ልምጣ። ጸሐፊው የቆጠሩት ፍሬውን ብቻ ነው። ገበሬ ግን ሁሉንም ነው የሚቆጥረው።

መጀመሪያ ጭዱ አለ። የጤፍ ጭድ ለከብት ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይመረጣል፤ ይለሰልሳል፣ ከብቱ ይወደዋል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ በጋውን በሬውን የሚያሻግረው ያ ጭድ ነው። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰውም ምርጉን የሚያቦካው በጤፍ ጭድ ነው፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነውና። ጭድ ጭነት እየተባለ በገበያ ይሸጣል፣ ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። «18 ኩንታል» ሲባል ይሄ የትም አልተጻፈም።

ከዚያ መሬቱ አለ። አድአ፣ በቾ፣ ምንጃር፣ ጎጃም ሂዱ። ብዙው መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ውኃ ያቁርበታል፣ እግር ይይዛል። ስንዴ በዚያ ውኃ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ጤፍ ግን ይችለዋል። ዝናቡ ሲያጥርም ከብዙ ሰብል የተሻለ ይታገሣል። ሌላ ደግሞ አለ፤ ገበሬው በበልግ በቆሎ ወይም ማሽላ ዘርቶ ዝናቡ ቢከዳው፣ ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ ላይ ገልብጦ ጤፍ ይዘራል፣ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ስላለው ዓመቱን ባዶ እጁን አይወጣም። በቆሎ እንዲህ ዓይነት ምሕረት የለውም። 40 ኩንታል የሚሰጠው ዝናቡ እንደ ልቡ ሲሆን ነው።

ከአጨዳ በኋላም ገና ነው። በቆሎና ማሽላ ጎተራ ከገቡ በኋላ ነቀዝ ይበላቸዋል፤ ይህን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፣ ፍሬው በጣም ጥቃቅን ስለሆነ። ለዓመታት ይቀመጣል። ባንክ በሌለበት አገር ይህ ቁጠባ ነው። ገበሬው ልጁን ሲያስተምር፣ ሲድር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ጎተራውን ከፍቶ የሚሸጠው ጤፉን ነው። ዋጋውም ከሌላው እህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ብዙ ገበሬ ነጩን ለገበያ አውጥቶ ቤቱ ሰርገኛ ወይም ከማሽላና ከበቆሎ የተቀላቀለ ነው የሚበላው። ይህን ሁሉ ደምሮ ነው የሚዘራው። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ጤፍ የሚዘራበት፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ አባወራና እማወራ የሚያመርተው ሒሳቡ ስለሚገባለት ነው።

እርግጥ ልፋቱ ከባድ ነው። እሱን ጸሐፊው ጨርሰው አላነሱትም እንጂ ትልቁ የጤፍ ችግር እሱ ነበር። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ አፈሩ መድቀቅ አለበት፤ በብዙ ቦታ ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል። አረም በእጅ ነው፣ አጎንብሶ፣ በደቦም በወንፈልም። አጨዳው በማጭድ፣ ውቂያው በበሬ አውድማ ላይ። የሚያስፈልገው ለዚህ ነው ማሽን፣ ለዚህ ነው ምርምር። ሰብሉን መቀየር ሳይሆን የገበሬውን ወገብ ማሳረፍ ነው መፍትሔው።

ስንዴንም አልጠላሁም፤ የበጋ መስኖ ስንዴ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ስንዴ ለረጅም ዓመታት በዶላር ስንገዛው የኖርን እህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ዳቦ የት እንደደረሰ አይተናል። ሙሉ በሙሉ ወደ ዳቦ እንዙር የሚል ሰው ይህን ማስላት ነበረበት። ጤፍ በማንም ወደብ አልተዘጋብንም።

ሁለተኛው፣ የትውልዱ ጉዳይ። ጸሐፊው ጤፍ ፒራሚድ ውስጥ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ከግብፅ ነው ይላሉ። ይህ ወሬ የድሮ ነው። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንዝ ኡንገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሊቅ በግብፅ ዳህሹር ካለ ፒራሚድ ጡብ ውስጥ የጤፍ ዘር አገኘሁ ማለቱ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ያ ዘር የጤፍ የዱር ዘመድ ከሆነ ሣር ጋር በቀላሉ እንደሚምታታ አስረድተዋል። እንኳን በጡብ ውስጥ የደረቀውን፣ ማሳ ላይ የቆመውንም ለመለየት ዓይን ይጠይቃል። ግብፆች ጤፍ አርሰው እንጀራ ጋገሩ የሚል ማስረጃ የለም።

የዘር ነገር የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ከገበሬው ማሳ ዘር ሰበሰበ። የሰውዬው ሐሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ሰብል ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ሰብሉ የተገራበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ ያስቀመጣት በዚህ ነው። የጤፍ ዓይነት እንደ ኢትዮጵያ የሞላበት የትም የለም። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ ውስጥ ብቻ ከ5 ሺህ በላይ የጤፍ ናሙና አለ፤ ነጩ፣ ቀዩ፣ ቡናማው፣ ቶሎ ደራሹ፣ ዘግይቶ ደራሹ። ይህን ያህል ዓይነት ያቆዩት ስማቸው የትም ያልተጻፈ ገበሬዎች ናቸው፣ በየዓመቱ ከአውድማው ለዘር የሚሆነውን እየለዩ። ጤፍ የኛ አይደለም የሚለው ቃል እነሱን ይነካልና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። «የኛ» ስል ኤርትራውያንንም ይጨምራል፤ ጣይታቸው ከእንጀራችን ጋር አንድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ጤፍ የሁሉም ኢትዮጵያዊ ምግብ ነው ተብሎ ሲነገር ትክክል አይደለም። የሐረርጌ ሰው በማሽላ እንጀራ ነው ያደገው። ደቡብ ላይ ቆጮ አለ። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ዳጉሳ ብርቅ አይደለም፣ ፎገራ ደግሞ ሩዝ እየቀላቀለ ይጋግራል። አዲስ አበባም ነጭ ማኛ የሚበላው አቅም ያለው ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ «የሀብታም እህል ስለሆነ ይቅር» ማለት አያስኬድም። ውድ ከሆነ ብዙ እንዲመረት ማድረግ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። ጸሐፊው እዚህ ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። በቀይ ጤፍ ውስጥ ሲለካ የነበረው እጅግ ከፍተኛ የብረት መጠን ከፊሉ ከአፈር የመጣ ነው። ጤፍ መሬት ላይ በበሬ ሲወቃ፣ አፈሩ ፍሬው ላይ ይጣበቃል፤ ፍሬው ጥቃቅን ስለሆነ ማጠብም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው። ንፁህ ሲሆን ብረቱ ወደ ሌሎች እህሎች ይቀርባል። ስለዚህ «ጤፍ የሚበላ ደም አያንሰውም» እያሉ የሚሰብኩ ሰዎች ቢተዉት ይሻላል፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር። ሐኪም የሚያዝላትን የብረት እንክብል እንጀራ አይተካውም።

ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ጤፍ ባዶ ስታርች ነው» አሉ። እሱ ልክ አይደለም። ብረቱን ተዉት። 100 ግራም የጤፍ ፍሬ ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ ያልተፈተገ የስንዴ ዱቄት ካልሲየሙ ከዚህ ሲሶውን አያህልም። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከስንዴ ይሻላል፣ የጎደለውን ደግሞ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ ይሞላዋል። ሌላም አለ። ጤፍ ጥቃቅን ስለሆነ ገለባው አይፈተግም፤ ከነልባሱ ነው የሚፈጨው። ስንዴ ነጭ ዱቄት ሲሆን የሚጣለው ክፍል ጤፍ ውስጥ አብሮ ይበላል። ነጭ ዳቦን ከጤፍ እንጀራ በላይ አድርጎ ማቅረብ የትኛውም የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚቀበለው አይመስለኝም።

ስለ ሊጡም ዝም ብለው አልፈዋል፣ ዋናው ጥበብ ያለው ግን እዚያ ነው። ዱቄቱ በውኃ ተቦክቶ ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል። ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ላይ የሚጠልለው ቢጫ ውኃ ይቀዳል። ከዚያ አብሲት ይጣላል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስላል፣ በረድ ሲል ወደ ቡሃቃው ይመለሳል። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዓይኑ አያምርም፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ለምን? ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴን እንደ ላስቲክ የሚስበው ነገር በጤፍ ውስጥ የለም። የበሰለው አብሲት ይወፍርና ያንን ሥራ ይሠራል፣ አየሩን ይይዛል። ሊጡ ኩፍ ሲል፣ የጋለው ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሃል እየተዞረ ሲፈስ፣ አረፋው ወደ ላይ እየፈነዳ ዓይን ይሠራል። ከዚያ በአክንባሎ መክደን ነው። እርሾው ደግሞ ከጣዕም በላይ ይሠራል፤ እህል ውስጥ ያለውን፣ ብረትና ዚንክን አስሮ ሰውነታችን እንዳይወስደው የሚያደርገውን ፋይቲክ አሲድ እየሰባበረ ይቀንሰዋል። እናቶቻችን ስሙን አያውቁትም ነበር፤ ሥራውን ግን ይሠሩት ነበር።

አራተኛው፣ የሴቶች ጉልበትና ማገዶ። ይህን ነጥብ ላጣጥለው አልፈልግም፤ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነጥብ እሱ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዶ ጭስ ውስጥ መቀመጥ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደውን ሴት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድም 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፣ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ሰዓት ላይ ሲጥድ መብራቱ ሲፈዝ እናየዋለን።

ነገር ግን ይህ የምድጃ ችግር ነው። የጤፍ አይደለም። የማሽላም የበቆሎም እንጀራ በዚያው ምጣድ ነው የሚጋገረው፤ ጤፍን ብትተው ጭሱ ይቀራል? ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቆጥባል፣ እሳቱንም ይከልላል። እንዲህ ያለው ነገር ነው መስፋፋት ያለበት። ከዚያ ደግሞ ከተማ ውስጥ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ብዙ ቤት እንጀራ ገዝቶ ነው የሚበላው። በየሰፈሩ «እንጀራ አለ» የሚል ወረቀት የለጠፈችው ሴትዮ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ሥር በማኅበር የተደራጁት፣ ለሆቴልና ለዩኒቨርሲቲ የሚያቀርቡት፣ የብዙ ሴቶች እንጀራ በቃሉም በተግባሩም ከዚያ ምጣድ ነው የሚወጣው። ጸሐፊው ለሴቶች አስበው ከሆነ፣ ስለ እነዚህ ሴቶች ገቢም አንድ መስመር መጻፍ ነበረባቸው። የጎደላቸው ጭስ የሌለበት ቦታ፣ የማይቋረጥ መብራትና ብድር ነው።

አምስተኛው፣ «መብቱን ሆላንዶች ወስደውታል» የሚለው ነው። ይህ ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም ስለሚደጋግመው በትክክል ላስቀምጠው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር ስምምነት ፈረመ። የጤፍ ዝርያዎችን ይጠቀማል፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ያካፍላል ተባለ። ያው ኩባንያ ግን ጎን ለጎን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የራሱ ፈጠራ አድርጎ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጠይቆ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ፈቀደለት። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሰረ ተባለ፤ ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ዞረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። ያሳፍራል፣ ያናድዳል፣ የጸሐፊው ቁጭት የኔም ቁጭት ነው። ነገር ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። የፓተንቱ ባለቤት ሌላ የሆላንድ ኩባንያን መብቴን ጣሰ ብሎ ሲከሰው፣ የሄግ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ፓተንቱ በሆላንድ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ፈጠራ ተብሎ የቀረበው ነገር ፈጠራ አይደለም ነው ያለው። ስለዚህ «ሆላንዶች ስለወሰዱት በውጭ መሸጥ አንችልም» ብሎ ዛሬ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው።

ጤፋችን ውጭ እንዳይሸጥ ያገደው የራሳችን ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር ብሎ የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። የተጋገረ እንጀራ ግን አልተከለከለም። እንደ ማማ ፍሬሽ ያሉ ድርጅቶች እንጀራውን እዚህ ጋግረው በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚልኩት በዚህ መንገድ ነው። እገዳው ልክ ነበር ወይ ቢባል፣ እኔ በሁለት ልብ ነኝ። የከተማው ድሃ ጤፍ እንዲያገኝ ያሰበ እንደሆነ ይገባኛል። ገበሬውን ግን ከተሻለ ዋጋ ለይቶታል፣ የውጭውንም ገበያ ሌሎች እንዲሞሉት በር ከፍቷል። በዚህ ላይ መከራከር ይቻላል። ክርክሩ ግን ስለ ፖሊሲ ነው እንጂ ጤፍ ይዘራ አይዘራ የሚል አይደለም።

የመጨረሻው የአሜሪካው ወገናችን ነው። እውነት ነው፣ መጀመሪያ የተሰደዱት ጤፍ አላገኙም። ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን ራሱ ኩፍ የሚል የስንዴ ዱቄት ከሌላ ዱቄት ጋር ደባልቀው፣ ክብ መጥበሻ ላይ ሊጡን አፍስሰው፣ እንጀራ የሚመስል ነገር ይሠሩ ነበር። ይህን ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል፤ ያለ ጤፍ ተኖረ ነው ነገሩ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ወደ አይዳሆ ሲመለስ ጤፍ መዝራት ጀመረ። በ1980ዎቹ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን መሸጥ ያዘ። ሰዉ ዱቄቱን ከሩቅ እያዘዘ አስመጣ። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ የኢትዮጵያ ሱቅ ብትገባ ሁለት ዓይነት እንጀራ ታገኛለህ፤ ከስንዴና ከገብስ የተቀላቀለው በርካሽ፣ «መቶ በመቶ ጤፍ» የሚል የተለጠፈበት ደግሞ በውድ። ሰው አማራጭ እያለው፣ ውድ መሆኑን እያወቀ፣ ሁለተኛውን የሚያነሳ ብዙ ነው። ግሉተን የማይስማማው ሰው ደግሞ የግድ እሱን መጠየቅ አለበት፣ የተደባለቀው ያሳምመዋልና፤ በእንግድነት ሬስቶራንት የምትጋብዙት የዚህ ችግር ያለበት ፈረንጅ ወዳጅ ካላችሁ፣ ከማዘዛችሁ በፊት እንጀራው ንፁህ ጤፍ መሆኑን አስተናጋጇን ጠይቋት።